ወንጌልን በጸሎት ማንበብ፦ በቀን 20 ደቂቃ ሌክሲዮ ዲቪና ለመጀመር ለምትፈልጉ

ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናው (በካቶሊክ አጥቢያ ቤተክርስቲያናችን) ግቢም ሆነ በቴሌግራም የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ጸሎት እደግማለሁ። መጽሐፍ ቅዱስም አነባለሁ። ግን ዘግቼው ስነሳ ምንም አብሮኝ አይነሳም። ካህናቱ ‹ቃሉን አስተንትኑ› ይላሉ፤ እንዴት ነው የሚስተነተነው?» ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ትጉ ናቸው። መቁጠሪያ ከእጃቸው አይጠፋም፣ እሑድ ከቅዳሴ አይቀሩም። አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው የተቸገሩት። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ሁሉንም እዚህ ጽፌዋለሁ።

አሠራሩ ሌክሲዮ ዲቪና ይባላል፤ በላቲን «መለኮታዊ ንባብ» ማለት ነው። በየቁምስናው «የወንጌል አስተንትኖ» ሲባል የምትሰሙትም በአብዛኛው ይኸው ነው። አንድ አጭር ክፍል ይነበባል፣ ይስተነተናል፣ ጸሎት ይሆናል፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ይቆያል። በመጨረሻ ወደ አንድ ትንሽ ተግባር ይወርዳል። ማታ ደግሞ በአጭር የኅሊና ምርመራ ይታሰራል። ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ ይበቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መጽሐፍ ቅዱስ። የታተመ ቢሆን ይመረጣል፤ ስልክ ላይ የሚነበበው በመሀል መልእክት ይገባበታል። የካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ 73 መጻሕፍት አሉት፤ 46 ብሉይ፣ 27 አዲስ። በእጃችሁ ያለው ባለ 66 ከሆነ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክ፣ 1ኛና 2ኛ መቃብያን ይጎድሉታል። በወንጌል ስለምንጀምር ለአሁኑ ያላችሁ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በ81ዱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉት መጻሕፍተ መቃብያን ከካቶሊኩ 1ኛና 2ኛ መቃብያን ጋር ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አንድ አይደለም። በንባብ ዝርዝር ላይ ጥቅሱን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ለዚህ ብቻ የሚሆን፣ ሌላ ሰው የማያነበው።
- ሰዓት። ስልካችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።
- ቋሚ ቦታ። አንድ ወንበር ወይም የአልጋ ጫፍ ይበቃል። ቦታው በየቀኑ አንድ ሲሆን ሰውነት ራሱ ለምን እንደተቀመጠ ይለምደዋል።
- ካላችሁ መስቀል ወይም ቅዱስ ሥዕል። ሻማ ማብራት የምትወዱ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ አርቁት፤ ዓይን ጨፍናችሁ የምትቀመጡበት ጊዜ አለና።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠዋት ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት ይሻላል። አንዴ ዜናና መልእክት ከገባ በኋላ ሐሳብን መሰብሰብ ሌላ ሥራ ነው። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ከሥራ ተመልሳችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አድርጉት። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ከእነሱ ቀድማችሁ መነሳት ግድ ይላችኋል። ካልሆነ 10 ደቂቃም ይጀመርበት።

1. ክፍሉን ማታ ምረጡ

ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ምን ላንብብ?» ማለት 20 ደቂቃውን ይበላል። ስለዚህ ማታ ምረጡና ገጹ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ተኙ።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው አንድ ወንጌል ይዞ በተራ መሄድ ነው። ለጀማሪ ማርቆስን እመክራለሁ፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ታሪኩም ፈጣን ነው። ሁለተኛው ቤተክርስቲያን ለዕለቱ የመደበችውን ንባብ መከተል ነው። በግዕዝ ሥርዓት የምትቀድሱ ከግጻዌው (የየዕለቱን ንባብ ከሚያመለክተው መጽሐፍ)፣ በላቲን ሥርዓት ያላችሁ ደግሞ ከዕለታዊው የንባብ ሰሌዳ ታገኙታላችሁ። የሁለቱ ሥርዓቶች ንባብ ስለሚለያይ የራሳችሁን ቁምስና ጠይቁ። የመረጣችሁትን ቢያንስ ለአንድ ወር አትቀይሩ። በየሁለት ቀኑ ከማርቆስ ወደ መዝሙር፣ ከመዝሙር ወደ ራእይ የሚዘል ሰው አንዱንም ሳያጣጥም ይደክማል።

ርዝመቱ ከ7 እስከ 12 ቁጥር ይሁን። ከዚያ ከበዛ ንባብ ብቻ ይሆናል።

2. ተቀመጡ፣ ተረጋጉ (2 ደቂቃ)

ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። በቀስታ አማትቡ። በጥድፊያ የሚደረግ ማማተብ ቀጣዩንም ጸሎት ያጣድፋል፤ ስለዚህ «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ» የሚለውን እያንዳንዱን ስም ለይታችሁ በሉት።

ከዚያ መንፈስ ቅዱስን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥሩት። ትንሹ ሳሙኤል ያለውን «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ማለት ይበቃል። ይህ ደረጃ የሚዘለል አይደለም። ያለ እሱ የሚሠራው ሥራ የሥነ ጽሑፍ ጥናት ይሆናል። የሚላኖው ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስ ስንጸልይ እኛ እግዚአብሔርን እናናግረዋለን፣ ቃሉን ስናነብ እርሱን እንሰማዋለን ይላል። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት ማንን ልትሰሙ እንደሆነ ለራሳችሁ ንገሩት።

የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ ደብተሩ ጠርዝ ላይ በአንድ ቃል ጻፉት። ሐሳቡ እንደማይጠፋባችሁ ስታውቁ መመላለሱን ይቀንሳል።

3. አንብቡ (4 ደቂቃ)

ክፍሉን ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ሰው የሚተኛ ከሆነ በሹክሹክታ። ዓይን ቃል ይዘላል፣ አፍ ግን አይዘልም።

በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ብቻ ተከተሉ። ማን አለ? የት ነው? ምን ተባለ? ገና «ለእኔ ምን ይላል?» አትበሉ። ይህን ጥያቄ ቶሎ ያነሳ ሰው ጽሑፉ የማይለውን ያስብለዋል። ከክፍሉ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ ሁለት አንቀጽም በዓይናችሁ ቃኙት።

በሁለተኛው ንባብ ፍጥነታችሁን በግማሽ ቀንሱ። አንድ ቃል ወይም ሐረግ ሲያስቆማችሁ እዚያው ቁሙ። የሚያስደስት መሆን የለበትም። የሚቆረቁር፣ ግራ የሚያጋባ፣ «ይሄ ለምን ተጻፈ?» የሚያሰኝም ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ፤ ማርቆስ 10፥46-52፣ ዕውሩ በርጤሜዎስ። ቦታው ኢያሪኮ ነው። ኢየሱስ ከተማዋን እየወጣ ነው፣ ብዙ ሕዝብ ይከተለዋል። አንድ ዕውር በመንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምናል። «የዳዊት ልጅ ኢየሱስ ሆይ፥ ማረኝ» እያለ ይጮኻል። ብዙዎች ዝም በል ብለው ይገሥጹታል፤ እሱ አብዝቶ ይጮኻል። ኢየሱስ ይቆምና «ጥሩት» ይላል። ሰውየው ልብሱን ጥሎ ይመጣል። «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ይባላል። ማየት እንደሚፈልግ ይናገራል። ያያል። በመንገድም ይከተለዋል።

አሁን ከፊት ያለውን ቃኙ። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ቁጥር 36፣ ኢየሱስ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ያንኑ ጥያቄ አቅርቦላቸው ነበር። እነሱ የጠየቁት በክብሩ ጊዜ በቀኙና በግራው መቀመጥን ነው። ከኋላ ያለውን ደግሞ እዩ፤ ምዕራፍ 11 ሲከፈት ኢየሱስ ኢየሩሳሌም ሊገባ ነው። በርጤሜዎስ የተከተለበት መንገድ ወደ መስቀል የሚወስደው መንገድ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ የሄደው አንድ ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ ግን ሌላ ጥልቀት አገኘ።

4. አስተንትኑ (6 ደቂቃ)

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ያስቆማችሁን ሐረግ ያዙና በቀስታ ደጋግማችሁ በሉት። ቃሉ እንደ ቆሎ ነው፤ ሳይታኘክ አይጣፍጥም። ሐረጉ «ዝም እንዲል ገሠጹት» ነው እንበል። አምስት ስድስት ጊዜ በሉት። ከዚያ ከታች ካሉት ሁለት መንገዶች አንዱን ተጠቀሙ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትሞክሩ።

የመጀመሪያው መንገድ ወደ ታሪኩ መግባት ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በስፋት ያስተማረው ነው። አቧራውን እዩ፣ የሕዝቡን ጫጫታ ስሙ። ከዚያ ራሳችሁን ፈልጉ። የት ነው የቆማችሁት? ከሚጮኸው ጋር ተቀምጣችኋል? ከሚገሥጹት መሀል ናችሁ? ወይስ «አይዞህ፥ ተነሣ፥ ይጠራሃል» ብለው ከጠሩት ጋር? ራሳችሁን ያገኛችሁበት ቦታ ስለ ዛሬው ልባችሁ ብዙ ይነግራችኋል። ከገሣጮቹ ጋር ሆናችሁ ብታገኙትም አትሽሹ፤ የዕለቱ ሥራ እዚያ ነው ያለው።

ሁለተኛው መንገድ ቃሉን ጥያቄ ማድረግ ነው። ሐሳብን በምናብ መሳል ለማይሆንላቸው ይሻላል። ሐረጉን ወደ ራሳችሁ አዙሩት። እኔ ማንን ነው ዝም የማሰኘው? በቤት ውስጥ ሲናገር የማላስጨርሰው ማነው? በውስጤስ ዝም ያሰኘሁት ጩኸት አለ? ለእግዚአብሔር «ይህማ አይጠየቅም» ብዬ የተውኩት ነገር ምንድን ነው? አንዷን ጥያቄ ብቻ ያዙ። እሷ ላይ ቆዩ።

ሐሳባችሁ ይሸሻል። የሁሉም ሰው ይሸሻል። መሸሹን ባወቃችሁ ጊዜ ራሳችሁን ሳትወቅሱ ሐረጉን አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ በሉትና ተመለሱ። ሐረግ የመረጥንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ መመለሻ ቦታ ይሆናችኋል። አንድ ሐሳብ ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ግን ምናልባት መጸለይ ያለባችሁ ስለ እሱ ነው። ይዛችሁት ወደ ቀጣዩ ደረጃ ሂዱ።

5. ጸልዩ (4 ደቂቃ)

እስካሁን ስለ እግዚአብሔር ስታስቡ ነበር። አሁን እርሱን አናግሩት። በራሳችሁ ቃል፣ በእናታችሁ ቋንቋ። ከቤት የወጣችሁበት ቋንቋ ጉራጊኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ በእሱ ጸልዩ። ልብ የሚከፈተው በለመደው ቃል ነው።

ምን እንደምትሉ ካጣችሁ ከአራቱ አንዱን ምረጡ፦ ምስጋና፣ ይቅርታ፣ ልመና፣ ውዳሴ። ጸሎቱ ግን ካነበባችሁት ቃል መውጣት አለበት። ከበርጤሜዎስ ክፍል በኋላ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ለአንድ ለማኝ ስትል ቆምክ። እኔ ግን ልጄ ሲያናግረኝ እንኳ አልቆምም። ዛሬ አቁመኝ።» ይኼው ነው። ማማር የለበትም፣ እውነት ይሁን እንጂ።

ንዴት ካለባችሁ ንዴታችሁን ንገሩት። ኀዘን ካለባችሁ ኀዘናችሁን። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «እስከ መቼ?» ብሎ የሚጮኽ ጸሎት አለ፤ ቤተክርስቲያንም ትጸልየዋለች።

ስትጨርሱ ዋናውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ ጻፉ። ቀኑንና ጥቅሱንም ጻፉ።

6. ዝም በሉ (3 ደቂቃ)

ደብተሩን ዝጉ። ምንም አትጠይቁ፣ ምንም አትፍቱ። እግዚአብሔር እንደሚያያችሁ አውቃችሁ በፊቱ ተቀመጡ። ልባችሁ ከተበተነ «ኢየሱስ» የሚለውን ስም በየትንፋሹ ቀስ ብላችሁ በሉ።

ብዙዎች ይህን ደረጃ ይቆርጡታል፤ «ምንም አልተሠራበትም» ስለሚመስላቸው። ነገር ግን ጸሎት የሁለት ወገን ነው። የራሳችንን ተናግረን ወዲያው ከተነሳን ለሌላው ወገን ቦታ አልሰጠንም። በእነዚህ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ልዩ ስሜት ባይመጣ ምንም አልጎደለም።

7. አንድ ተግባር ወስኑ (1 ደቂቃ)

የዛሬው ቃል ዛሬ የሚሠራ አንድ ነገር ይውለድ። መመዘኛው ይህ ነው፦ ዛሬ የሚደረግ፣ ትንሽ፣ መደረጉ የሚታወቅ፣ ሰዓት ያለው። «የተሻልኩ ሰው እሆናለሁ» ተግባር አይደለም። «ትዕግሥተኛ እሆናለሁ» ራሱ ገና ነው። «ከሥራ ስመለስ ለእህቴ ደውዬ ሳላቋርጣት 10 ደቂቃ እሰማታለሁ» ይህ ተግባር ነው።

ለምን ትንሽ? ትልቁን ውሳኔ ማታ ላይ ስትመረምሩት ሁልጊዜ ያልተሳካ ይሆናል፣ ተስፋም ያስቆርጣል። ትንሹ ግን ይደረጋል። ነገ ደግሞ ሌላ ትንሽ ይጨመራል።

በአባታችን ሆይ ጨርሱ፣ አማትቡ፣ ተነሱ።

8. ሐረጉን ይዛችሁ ውጡ

በታክሲ ሰልፍ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ሊፍት ስትጠብቁ ሐረጉን በልባችሁ በሉት። ቁጥር አታስቀምጡለት። ከአንድ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት፤ ለምሳሌ እጅ በታጠባችሁ ቁጥር። ያን ጊዜ ማስታወስ አይከብድም።

በግዕዝ ሥርዓት ለምትቀድሱ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ዲያቆኑ ከወንጌል በፊት የሚያዜመው ምስባክ አጭር ነው፣ ከመዝሙር የተወሰዱ ጥቂት ስንኞች። የእሑዱን ምስባክ በአማርኛ ጻፉትና ሳምንቱን ሙሉ ያዙት። ቃሉ አጭር፣ ዜማውም አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል።

9. ማታ የኅሊና ምርመራ (10 ደቂቃ)

ከመተኛት በፊት፣ አልጋ ውስጥ ሳይሆን ተቀምጣችሁ። ተኝቶ የሚጀመር ምርመራ በእንቅልፍ ያልቃል።

ሀ. አመስግኑ። የዛሬን ሁለት ሦስት የተለዩ ነገሮች ስም ጠርታችሁ። ከኃጢአት ከመጀመር ከምስጋና መጀመር የሚሻለው ራስን በእግዚአብሔር ቸርነት ፊት ለማየት ነው።
ለ. ብርሃን ለምኑ። ቀኔን በአንተ ዓይን አሳየኝ በሉ።
ሐ. ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ በሰዓት በሰዓት መልሳችሁ እዩት። የጠዋቱ ሐረግ የት ትዝ አላችሁ? ተግባሩ ተደረገ? ልባችሁ የቀለለው መቼ ነው? የከበደውስ?
መ. ይቅርታ ጠይቁ፤ ለዛሬው፣ በስሙ።
ሠ. ነገን አስረክቡ፤ ከዚያ የነገውን ክፍል መርጣችሁ ምልክት አድርጉ።

ጠዋቱና ማታው የሚያያዙት እዚህ ላይ ነው። ማታ የማይመረመር ተግባር በሦስተኛው ቀን ይረሳል።

በሳምንት አንድ ጊዜ

ቅዳሜ የሳምንቱን ገጾች አንብቡ። ተደጋግሞ የመጣ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበት። ሦስት ጊዜ ስለ አንድ ሰው ቂም ከጻፋችሁ ለኑዛዜ የምታቀርቡት ነገር በእጃችሁ ነው። «ምን እንደምናዘዝ አላውቅም» ለሚሉ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም። ቤተክርስቲያን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተናዘዙ ትላለች። ይህን አሠራር የያዘ ሰው ግን አዘውትሮ መናዘዝን ራሱ ይፈልገዋል።

የእሑዱን ወንጌልም ቅዳሜ ማታ አንብቡት። በቅዳሴው ሲነበብ አዲስ አይሆንባችሁም፣ ስብከቱም በተዘጋጀ ልብ ላይ ያርፋል።

መቁጠሪያስ?

«መቁጠሪያዬን ልተው?» ይሉኛል። በፍጹም። የመቁጠሪያው ምሥጢራት፣ ማለትም እየደገምን የምናስተነትናቸው የኢየሱስና የእናቱ ሕይወት ክፍሎች፣ አብዛኞቹ በቀጥታ ከወንጌል የመጡ ናቸው። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ሐሙስ የብርሃን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር። ጊዜ ባጠረባችሁ ቀን የአንዱን ምሥጢር ጥቅስ አንብቡና የእሱን አሥር የማርያም ጸሎት ብቻ እያስተነተናችሁ ድገሙ። የዕለቱን አምስት ምሥጢራት በጥድፊያ ከማዳረስ አንዱን በልብ መጸለይ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ

መጽሐፉን በዘፈቀደ ገልጣችሁ ጣታችሁ ያረፈበትን እንደ ዕጣ አትውሰዱት። ለጋብቻ፣ ለስደት፣ ለሥራ ውሳኔ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። አደገኛ ነው። ትልቅ ውሳኔ ጸሎትም፣ ጊዜም፣ የሚያውቃችሁ ካህን ምክርም ይፈልጋል።

ልብ ሲጨልም የቀደመ መልካም ውሳኔ አትቀይሩ። ይህ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ደንብ ነው። በደረቅ ጊዜ የሚመጣው «ተወው» የሚል ሐሳብ ጥሩ መካሪ አይደለም። ጸሎቱን እንደውም በአንድ ደቂቃ አርዝሙት።

በጸሎት ጊዜ የመጣ ሐሳብ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሙ፣ ራሳችሁን ጉዱ፣ ከሰው ሁሉ ተለዩ የሚል ከሆነ አትታዘዙት። ዛሬውኑ ለሐኪምና ለካህን ንገሩ። እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ወይም ድምፅ መስማት ካለ ሕክምና ፈልጉ፤ ጸሎቱ አብሮ ይሄዳል።

ኃጢአቴ አልተሠረየም የሚል ፍርሃት የማይለቃችሁ ሰዎች የማታውን ምርመራ ብቻችሁን አትጀምሩት። ምን ያህል መመርመር እንዳለባችሁ አንድ ቋሚ አናዛዥ ካህን ይወስንላችሁ።

ይህ ሁሉ የእሑድ ቅዳሴንና ቅዱስ ቁርባንን አይተካም። ወደ እዚያ ያዘጋጃል እንጂ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት

ከሁሉ የሚበዛው ለሌላ ሰው ማንበብ ነው። «ይሄ ቃል ለባለቤቴ ነበር የሚሆነው!» ስትሉ ራሳችሁን ካገኛችሁት ቁሙ። ቃሉ ዛሬ የተነበበው በእናንተ ጆሮ ነው። ሰባኪያንና የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ሳያውቁት ስብከት ማዘጋጀት ይጀምራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። የምታስተምሩትን ክፍል ለጸሎት አትጠቀሙበት፣ ሌላ ምረጡ።

ሌላው ማብራሪያ መጻሕፍት ውስጥ መጥፋት ነው። ጥናት ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ሰዓት ስጡት። የከበደ ጥያቄ ካለ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉትና ለካህኑ ወይም ለካቴኪስቱ (ለሃይማኖት አስተማሪው) አቅርቡት።

ያመለጠ ቀንን ለማካካስ ሁለት ክፍል በአንድ ጠዋት የሚያነቡም አሉ። አታካክሱ። ዛሬን ብቻ ጀምሩ። ዕዳ እየተቆጠረ የሚጸለይ ጸሎት ሸክም ይሆናል፣ ሸክም ደግሞ ይጣላል።

ስሜት ማሳደድም አለ። ትናንት እንባ ስለመጣ ዛሬም ካልመጣ የከሸፈ ይመስላል። የጸሎቱ ፍሬ የሚለካው በማታው ተግባር ነው። በጸሎት ጊዜ ደረቅ ሆኖ ለእህቱ የደወለ ሰው በደንብ ጸልዮአል።

በመጨረሻም፣ ያገኙትን ወዲያው ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። ቢያንስ አንድ ሳምንት በልባችሁ ይቆይ።

ቦታና ጊዜ ለማይመቻቸው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች የራሳችሁ ክፍል ላይኖራችሁ ይችላል። በልብ የሚደረግ ጸሎት ሙሉ ጸሎት ነው። ማታ ሦስት ቁጥር ብቻ በቃላችሁ ያዙና ጠዋት ሥራ ላይ አስተንትኑት። ድምፅ ማውጣት ወይም ደብተር መያዝ ችግር የሚያመጣባችሁ ከሆነ ሁለቱንም ተዉት። በኩዌትና በካታር ባሉ ቁምስናዎች የእሑዱ ሥርዓት ዓርብም ይቀደሳል፤ የእረፍት ቀናችሁ ዓርብ ከሆነ በዚያ ሂዱ።

መኪና የምትነዱ በጉዞ ላይ ዓይን መጨፈንም ማንበብም አይሆንም። ከመነሳታችሁ በፊት በቆመ መኪና ውስጥ ክፍሉን በድምፅ ቅጂ አዳምጡ፣ ሐረጉን ብቻ ይዛችሁ ተነሱ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም የድምፅ ቅጂው ወይም የልጅ ልጅ ንባብ ያው ነው።

በቤተሰብ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ቡና ሲፈላ አመቺ ጊዜ ነው። አንዱ ያንብብ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ይባል፣ ከዚያ እያንዳንዱ የያዘውን አንድ ቃል ብቻ ይናገር። ሕጉ አንድ ነው፦ ማንም የማንንም ቃል አያርምም፣ አያብራራም። ይህ ሕግ ከተጣሰ ልጆች በሁለተኛው ሳምንት ይሸሻሉ።

ለመጀመሪያው ሳምንት፣ ከማርቆስ

ይህ ሳምንት የመለማመጃ ስለሆነ ክፍሎቹን ከየቦታው መርጫቸዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጎን ያለው ጥያቄ ማስተንተኑ እንቢ ሲላችሁ ብቻ የምታነሱት ነው።

- ሰኞ፦ 1፥14-20። መረባቸውን ተዉ። የእኔ መረብ ምንድን ነው?
- ማክሰኞ፦ 1፥29-39። ኢየሱስ ገና ሳይነጋ ብቻውን ሊጸልይ ወጣ። የእኔ ምድረ በዳ የትኛው ሰዓት ነው?
- ረቡዕ፦ 2፥1-12። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ። ማን ተሸክሞኝ ያውቃል?
- ሐሙስ፦ 4፥35-41። ማዕበሉ እያለ ተኝቶ ነበር። ዝም ያለኝ የመሰለኝ መቼ ነው?
- ዓርብ፦ 14፥32-42። በጌቴሴማኒ ሦስቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዛሬ ከማን ጋር መንቃት አለብኝ?
- ቅዳሜ፦ 12፥41-44። ድሀዋ መበለት ሁለት ሳንቲም ጣለች። ከትርፌ ያልሆነ ምን ሰጥቻለሁ?
- እሑድ፦ በቅዳሴ የሚነበበው ወንጌል።

ሰኞ ወደ ማርቆስ 1፥1 ተመለሱና ከመጀመሪያው በተራ ቀጥሉ። ምሳሌ ያደረግነው በርጤሜዎስ 10ኛው ምዕራፍ ላይ ይጠብቃችኋል፤ ያን ጊዜ የእኔን ጥያቄዎች ትታችሁ የራሳችሁን አቅርቡ።